ቼኮዝሎቫኪያ በፊርማ፣ ዩጎዝላቪያ በጥይት የተለያዩት ለምንድነው?

የአራዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን መሥሪያ ቤት ምሳ ላይ የተነሳ ክርክር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። አንዱ ባልደረባዬ «ያልተስማማ ሰው በግድ አብሮ አይኖርም፣ ቼክና ስሎቫክን እዩ፣ ተጨባብጠው ተለያዩ» አለ። ሌላዋ «ዩጎዝላቪያስ?» ስትለው ነገሩ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ሁለቱም ፌዴሬሽን ነበሩ፣ ሁለቱም ከኮሚኒዝም የወጡት በአንድ ሰሞን ነው። አንዱ ጋ ጥይት አልተተኮሰም፣ ሌላው ጋ ቦስኒያ ውስጥ ብቻ ወደ 100 ሺህ ሰው አለቀ። ለምን? «የሕዝቡ ጠባይ ነው» የሚለውን መልስ አልቀበልም፣ ምንም አያስረዳኝም። ደግሞስ በተግባር ምንድነው የሚሆነው? ገንዘቡ፣ ወታደሩ፣ ድንበሩ፣ ከወዲያ ማዶ ሰው ጋር የተጋባው? «ይገንጠል፣ አይገንጠል» የሚል ስድብ አልፈልግም፣ እባካችሁ የምታውቁትን ጻፉልኝ።

ፕራግ ያለሁ፦
እህቴ፣ እዚህ ስለምኖር የቼኩን ልንገርሽ። «ሕዝቡ ተስማምቶ ተለያየ» የሚባለው ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በተደረገ የአስተያየት ጥናት መለያየቱን የደገፈው በሁለቱም ወገን ከ40 በመቶ በታች ነበር። ሕዝበ ውሳኔም አልተደረገም።

የሆነው እንዲህ ነው። በጁን 1992 ምርጫ ቼክ ውስጥ የቫትስላቭ ክላውስ ፓርቲ፣ ስሎቫኪያ ውስጥ የቭላዲሚር ሜቺያር ፓርቲ አሸነፈ። ክላውስ ባንዴ ወደ ነጻ ገበያ እንግባ ይላል። ሜቺያር ደግሞ ፋብሪካ ሲዘጋ ሥራ አጥ የሚሆነው የኔ ሰው ነው፣ ቀስ እንበል፣ ሥልጣኑም ወደኛ ይምጣ ይላል። አብረው መንግሥት ማቆም አቃታቸው። ጁላይ ላይ ፕሬዚዳንት ሃቬል ሥልጣን ለቀቀ። ኦገስት ላይ ክላውስና ሜቺያር ብርኖ ከተማ አንድ ቪላ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጨረሱት፣ ፎቶው እስከዛሬ አለ። በኖቬምበር የፌዴራሉ ፓርላማ ራሱን የሚያፈርስ ሕግ አጸደቀ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ሁለት ሀገር ሆኑ።

ንብረቱን ሁለት ለአንድ ተካፈሉ፣ ምክንያቱም ቼኮች 10 ሚሊዮን፣ ስሎቫኮች 5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ሕንጻና መሬት ግን ባለበት ቀረ። ገንዘቡን በጋራ እንቀጥላለን ብለው ነበር። ሰው ብሩን ይዞ ወደሚያምነው ባንክ መሮጥ ሲጀምር ግን ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ በፌብሩዋሪ ለያዩት። አዲስ ኖት ለማተም ጊዜ ስላልነበረ በድሮዎቹ ትልልቅ ኖቶች ላይ ቴምብር ለጠፉባቸው። ድንበሩም ቢሆን በአንድ ቀን አላለቀም። ኡ ሳቦቱ የምትባል ትንሽ መንደር ወደ ስሎቫኪያ የተዛወረችው በ1997 ነው፣ ነዋሪዎቿም በጣም ተቃውመው ነበር።

ታሪክ ወዳድ፦
የፕራጉ ወንድም ጥሩ ጽፏል፣ ዋናውን ቁጥር ግን ዘለለው። እ.ኤ.አ. በ1991 ቆጠራ ቼክ ውስጥ የሚኖሩ ስሎቫኮች 3 በመቶ፣ ስሎቫኪያ ውስጥ የሚኖሩ ቼኮች 1 በመቶ ብቻ ነበሩ። መስመሩ ሲሰመር «እኔስ የት ልሁን?» የሚል ብዙ ሰው አልነበረም። አሁን ዩጎዝላቪያን ተመልከቺ፣ እነ ሰርቢያ፣ ክሮኤሺያ፣ ቦስኒያና ስሎቬኒያ በሪፐብሊክነት የነበሩባትን። ክሮኤሺያ ውስጥ ሰርቦች 12 በመቶ ነበሩ። ቦስኒያ ውስጥ ሙስሊሞች 44፣ ሰርቦች 31፣ ክሮአቶች 17 በመቶ። ይሄ በአንድ ሰፈር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ደረጃ ላይ በር ለበር የሚኖር ሰው ነበር። መስመሩን የትም አስምሪው፣ ሚሊዮን ሰው «በተሳሳተው» ወገን ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉ። ሀገሪቱን ለረጅም ጊዜ የመራው ቲቶ በ1980 ሞተ፣ ዕዳው ተቆለለ፣ የኑሮ ውድነቱ ጣራ ነካ። የሰርቢያው መሪ ሚሎሼቪች ከ1987 ጀምሮ የሰርቦችን ቁጭት ይዞ ተነሳ፣ በ1989 በሰርቢያ ሥር የነበረችውን የኮሶቮን ራስ ገዝነት ነጠቀ። በጃንዋሪ 1990 ስሎቬኖች የገዢውን ፓርቲ ጉባኤ ረግጠው ወጡ፣ ሀገሪቱን የያዛት ፓርቲ በዚያው አበቃለት። በዚያው ዓመት የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ተደረገ፣ ግን በየሪፐብሊኩ ብቻ። በፌዴራል ደረጃ ምርጫ አልነበረም! ይሄንን ሰው ልብ አይለውም። የሁሉንም ድምፅ ለማግኘት የሚሠራ ፖለቲከኛ እንዳይኖር አደረገ። ሁሉም የራሱን ወገን እያስፈራራ ተመረጠ።

ከዚያ ኦገስት 1990፣ ክኒን። ክሮኤሺያ ውስጥ ያለች፣ ሰርቦች የሚበዙባት ከተማ ናት። ሰዎች ግንድ ቆርጠው አስፋልቱ ላይ አጋደሙ። ክረምቱን ባሕር ዳርቻ ለማሳለፍ የመጣ ቱሪስት መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ገና ጦርነት የሚባል ነገር አልነበረም። ግን ታጥቆ መንገድ ላይ የቆመ ሰው «አንተ ማነህ፣ ከየት ነህ?» ማለት ጀመረ። እኔ የሀገር መፍረስ ሲባል የሚታየኝ የፓርላማ አዋጅ ሳይሆን ይሄ ነው። ስሎቬኒያና ክሮኤሺያ ነጻነት ያወጁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ጁን 25 ቀን 1991። ስሎቬኒያ ውስጥ ሰርብ ብዙ ስላልነበረ ጦርነቱ በ10 ቀን አለቀ፣ የሞተውም ከመቶ በታች ነው። ክሮኤሺያ አራት ዓመት ወሰደባት። የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ ደግሞ ወደ አራት ዓመት ገደማ ተከባ ተደበደበች።

ሠራዊቱንም አትርሺ። የጋራ የነበረው ጦር፣ ታንኩ ሁሉ፣ በመጨረሻ የአንድ ወገን፣ የሰርቦቹ፣ ሆነ።

የአራዳዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። የክኒኗን አላውቅም ነበር። ታዲያ እንደዚያ ከሆነ ተደባልቆ የሚኖር ሕዝብ በሰላም መለያየት አይችልም ማለት ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ሩቅ ሳትሄጂ እኛው ዘንድ ያለውንም ጨምሪበት። ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አደረገች፣ 99.8 በመቶ ነጻነት አለ። አዲስ አበባም ተቀበለ። በወቅቱ ዓለም ሁሉ በሰላም ተለያዩ ብሎ አጨበጨበ። ግን ዋና ዋናው ነገር ሳይቋጭ ታለፈ። ድንበሩ መሬት ላይ አልተተከለም። ማን የየት ሀገር ዜጋ እንደሆነ በግልጽ አልተወሰነም። በብር አብረን ስንገበያይ ቆየን፣ በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ሲመጣ ንግዱ ተናጋ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ጦርነት ተነሳ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት አለቀ።

ሰፈራችን ውስጥ የማውቃቸው ቤተሰብ ነበሩ። አባትየው ልጆቹን እዚህ ወልዶ፣ እዚህ አስተምሮ የኖረ ሰው ነው። በሕዝበ ውሳኔው ጊዜ እንደ ማንም የኤርትራ ተወላጅ አዲስ አበባ ሆኖ ድምፅ ሰጠ። ያኔ የከለከለው የለም። ጦርነቱ ሲመጣ ያኔ ድምፅ ለመስጠት መመዝገቡ የኤርትራ ዜጋ ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረበት። ማታ መጥተው ወሰዱት፣ በአውቶብስ ድንበር ተሻገረ። ሚስቱና ልጆቹ ቀሩ። ስልኩ እንኳ ተዘግቶ ነበር። ከኤርትራም በኩል ብዙ ኢትዮጵያውያን እንዲሁ ተባረዋል። እናንተ ስለ ታንክና ስለ ፓርላማ ስታወሩ እኔ ያ ሰውዬ ነው ፊቴ ላይ የሚመጣብኝ።

ይሄ ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። ሰላማዊ የምትባለው ስሎቬኒያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1992 ከሌላ ሪፐብሊክ የመጡ 25 ሺህ ያህል ነዋሪዎችን ከመዝገብ ሰረዘች። ሰዎቹ ለዓመታት ያለ መታወቂያ፣ ያለ ሕጋዊ ሥራ ኖሩ። የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት የፈረደላቸው ከ20 ዓመት በኋላ በ2012 ነው።

የሕግ ተማሪ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያነሱት ነው ዋናው ነጥብ። ለጠያቂዋ ግን «ተደባልቆ የሚኖር ሁሉ ይዋጋል» ማለት አይቻልም እላለሁ። ከዩጎዝላቪያ ሪፐብሊኮች አንዷ የነበረችው ሞንቴኔግሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሰርቢያ ተለየች። ነዋሪዋ ሲሶ ያህሉ ሰርብ ነው። ድምፁ እጅግ የተቀራረበ ነበር፣ 55.5 በመቶ። ግን በአውሮፓ ኅብረት ሽምግልና አስቀድመው ደንቡን አስቀምጠው ነበር፦ ከ55 በመቶ ካላለፈ መለያየት የለም። አለፈ፣ የሰርቢያ መንግሥትም በወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እውቅና ሰጠች። ከድምፁ በፊት ደንቡ ላይ መስማማታቸው ነው ያዳናቸው፣ ያኔ ማንም ማን እንደሚያሸንፍ አያውቅም ነበርና። በዚያ ላይ የ90ዎቹን ጦርነት ሁለቱም ጠግበውታል።

የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ሥርዓቱን ዘርዝሯል። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፣ የፌዴራል መንግሥቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፣ አብላጫው ከደገፈ ሥልጣን ይተላለፋል፣ ንብረት በሕግ ይከፋፈላል። በዚያ መሬት ላይ ተወልዶ የብሔሩ አባል ያልሆነው፣ ወይም ከሁለት ብሔር የተወለደው ሰው ዕጣው ምን እንደሆነ ግን አንቀጹ አይነግረንም። «አብላጫ» ብቻ ስለሚል ግማሽ ሲደመር አንድ ድምፅ ይበቃል፣ እንደ ሞንቴኔግሮ ከፍ ያለ መነሻም አልተቀመጠም። እኔ መምህሬን ክፍል ውስጥ ይሄን ጠይቄው «ያኔ በድርድር ይፈታል» ነው ያለኝ። ኤርትራ ጊዜም የተባለው ይኸው ነበር።