የድሮዎቹ የጦር ማማዎች መዘጋት ነበረባቸው?

ጥያቄ አቅራቢዋ፦ የአሜሪካ አየር ኃይል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. «ግዌን» የሚባል የሬዲዮ መረብ ዘርግቶ ነበር። የኒውክሌር ፍንዳታ ሌላውን መገናኛ ሁሉ ቢያጠፋው እንኳ የጦር ትእዛዝ እንዲደርስ ነው። በየሰፈሩ ሕዝቡ ተቃወመ፤ «ማማው ዒላማ ያደርገናል» ብሎ ፈራ። ቀዝቃዛው ጦርነት አለቀና ማማዎቹ ሥራ ፈቱ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎቹ የጂፒኤስን የቦታ ስህተት የሚያቃና መልእክት፣ ማለትም የእርማት ማሰራጫ ሆኑ። የተፈራው ማማ ለገበሬና ለመርከብ ዋለ። ከዚያ የእርማቱ መረብ ራሱ ታጠፈ፤ በ2016 37 ጣቢያዎች፣ እስከ 2020 ደግሞ የቀሩት ተዘጉ። እኔ መዝጋቱ ስህተት ነበር ባይ ነኝ።

ቀያሹ፦ አልስማማም እህቴ። እስከ ግንቦት 2000 ድረስ የአሜሪካ ጦር የሲቪሉን ጂፒኤስ ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። እስከ 100 ሜትር ያሳስታል። ያ ሲቆም የማማዎቹ ትልቁ ምክንያት አብሮ ሄደ። በ2003 ደግሞ «ዋስ» የሚባል የአሜሪካ የጂፒኤስ እርማት ሥርዓት መጣ። እርማቱን ከሳተላይት በነፃ ይልካል፤ ርካሽ መቀበያም ይይዘዋል። ለማማው ግን የተለየ ሬዲዮና አንቴና መግዛት ነበረብሽ። ሜዳ ላይ ያንን አንቴና የያዘ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ!

ጥያቄ አቅራቢዋ፦ የ«ዋስ» ሳተላይት እኮ ከምድር ወገብ በላይ ነው ያለው። ሰሜን ስትሆን ደቡብ አድማስ ላይ ዝቅ ይልብሃል። አንድ ጋራ ይጋርደዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጫካም ያውከዋል። የማማው ሞገድ 300 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው። መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ሸለቆም ይገባል። አሠራሩም ግልጽ ነበር። ጣቢያው የቆመበትን ነጥብ በልኩ ያውቃል። ሳተላይቶቹ የሚነግሩትን ከዚያ ጋር ያስተያያል፣ የእያንዳንዱን ስህተት አስልቶ ይልካል። ስህተትህ ከ1 እስከ 3 ሜትር ይወርዳል።

መርከበኛው፦ እኔ በጭጋግ ወደብ የገባሁ ሰው ነኝ። በዚያ እርማት ተማምኜ ነው የገባሁት። ዛሬ ደግሞ ጂፒኤስን ማፈን ቀላል ሆኗል። ማማዎቹ ቢኖሩ መጠባበቂያ ይሆኑን ነበር።

ቀያሹ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልቃወምዎት። ማማው የሚልከው እርማት ብቻ ነው። ሳተላይቱ ከታፈነ የሚታረም ነገር የለም። መጠባበቂያችን ሎራን ሲ፣ ያለ ሳተላይት ከምድር ጣቢያዎች በሬዲዮ ቦታ የሚያሳውቀው ሥርዓት ነበር፤ እሱ ደግሞ በ2010 ተዘግቷል። ሊያሳዝነን የሚገባው የእሱ መዘጋት ነው።

መርከበኛው፦ ልክ ነህ ልጄ፣ እቀበላለሁ። ግን ጣቢያው ጠባቂም ነበር። አንድ ሳተላይት ሲሳሳት በሰከንዶች ውስጥ «ይህን አትጠቀሙ» ይለናል።

ቀያሹ፦ «ዋስ»ም በ6 ሰከንድ ገደማ ያስጠነቅቃል።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦ እሺ፣ ጋራ ሳተላይቱን ይጋርዳል ያልኩህን ግን ዘለልከው። ሌላም አለ። «የሚታረም ነገር የለም» ያልከው ለዱሮው አሠራር ልክ ነው። በባልቲክ ባህር ጀርመንና ጎረቤቶቿ «አር-ሞድ» የሚባል ነገር እየሞከሩ ነው። በእነዚሁ ዓይነት የ300 ኪሎኸርዝ ጣቢያዎች ላይ የርቀት መለኪያ ምልክት ጨመሩ። መርከቧ ከበርካታ ጣቢያዎች ያላትን ርቀት ለክታ፣ ያለ ሳተላይት ቦታዋን ታውቃለች። እኛ ጋ አሜሪካ መሬቱ ተይዞ፣ ማማው ቆሞ፣ መብራቱ ገብቶ ነበር። ያንን ሳይሞክሩ መዝጋታቸው ነው እኔን የሚቆጨኝ።

ቀያሹ፦ አር-ሞዱን አላሰብኩትም ነበር። ለባህር ዳርቻዎቹ እሺ፣ በዚህ ረታሽኝ። ለመሃል አገሮቹ ግን አሁንም አልስማማም።