የበላይ ዘለቀ መጨረሻ ለልጆች ይነገር ወይስ ይቅር?

ጥያቄው፦ ንባብ ለሚሸሹ ልጆች የአርበኞች ታሪክ በሥዕል ይዘጋጅ ሲባል ሁሉም እሰየው ይላል። ጠቡ የሚነሳው የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። በላይ ዘለቀ ጎጃም ላይ ጣሊያንን መከራውን አብልቶት፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰቀለው የገዛ አገሩ መንግሥት ነው። ይግባ ወይስ ይቅር?

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፦ ይቅር። ልጁን መጽሐፍ እንዲያነሳ ስንት ለምኜ የስቅላት ታሪክ ልስጠው? ጃገማ ኬሎ አሉ አይደል! ጫካ ሲገቡ 15 ዓመት ቢሆናቸው ነው። «የበጋው መብረቅ» ተብለው፣ ሌተና ጄኔራል ሆነው፣ በ2009 ዓ.ም. በሽምግልና ዐረፉ።

የሁለት ልጆች አባት፦ እህቴ፣ ልጅ እኮ «ከዛስ?» ይላል። የኔ ትንሹ እሱን ሳይጠይቅ ተኝቶ አያውቅም። «ጣሊያን ተባረረ፣ አለቀ» ብትይው ነገ ስልክ ላይ ያገኘዋል፤ ያውም በስድብ ታጅቦ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍሽን ማን ያምነዋል? አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በጥይት መደብደባቸውን ያለ ምንም ጭንቀት እንነግራቸዋለን። ገዳዩ የኛ ሰው ሲሆን ነው የምንጨነቀው። ፈሪዎቹ እኛ ነን፣ ልጆቹ አይደሉም።

መምህርቷ፦ እሺ፣ በስንት መስመር? ከነጻነት በኋላ ከቤተ መንግሥት ጋር ተቀያየመ፣ ሸፈተ፣ ተያዘ፣ ሞት ተፈረደበት፣ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረለት፣ ከእስር አመለጠ፣ እንደገና ተያዘ። ይሄን አሳጥረሽ ጻፊ ብትሉኝ ልጁ ወይ ጃንሆይን ወይ በላይን ጠልቶ ነው የሚነሳው።

ሠዓሊ፦ እኔ ገመዱን አልስልም። የቆመውን ሕዝብ እስላለሁ፣ «ተሰቀለ» የሚለውን ጽሑፉ ይናገር። በነገራችን ላይ፣ አርበኛውን ክላሽ አታስይዙብን! ክላሽ የመጣው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቢን ሞልቶ የለ? የማያነብ ልጅ ሥዕሉን ነው የሚመረምረው፤ እዚያ ላይ ከዋሸነው አለቀልን።

የሴት ልጅ እናት፦ ወንድ በወንድ ሆናችሁ ቀራችሁ እንጂ ሸዋረገድ ገድሌስ? ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘው፣ ተመልሰው አርበኞችን ያገዙ ሴት ናቸው። የኔዋ እሳቸውን ብታገኝ ታነባለች።

አባትየው፦ እሳቸውም ይግቡ። የበላይን የመጨረሻ ገጽ ግን አልለቅም። ለሦስተኛ ክፍል ከከበደ መጽሐፉ ለአምስተኛ ክፍል ይሁን።

መምህርቷ፦ ለአምስተኛ ክፍል ከሆነ አልጣላህም። ግን ሽፍትነቱንም ይቅርታውንም አብረህ ጻፍ፤ ስቅላቱን ብቻ ነጥለህ አታምጣብኝ።