ስለ መምህርና ተማሪ በሚሠሩ ፊልሞች ውስጥ ማስተማሩ የት አለ?

ጥያቄ (ሰሌዳ)

መምህርን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረጉ ፊልሞችን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። በአብዛኞቹ ውስጥ መምህሩ ለትምህርት ቤቱ እንግዳ ነው፤ ነባሮቹ ባልደረቦቹ ተስፋ የቆረጡ ናቸው፤ እርሱ ግን ገና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንድ ያልተለመደ ነገር ያደርግና የተማሪዎቹን ልብ ይማርካል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የፒተር ዌር «ዴድ ፖየትስ ሶሳይቲ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መምህር ኪቲንግ ተማሪዎቹን የግጥም መማሪያቸውን መግቢያ ሲያስቀድዳቸውና ጠረጴዛ ላይ ሲያስወጣቸው እናያለን፤ አንድ ግጥም ይዞ ስንኝ በስንኝ ሲመረምር ግን የምናይበት ጊዜ እምብዛም ነው። በመጨረሻ ጠረጴዛቸው ላይ ቆመው ሲሰናበቱት ልቤ መነካቱን አልክድም። ሆኖም የሚሰናበቱት አስተማሪያቸውን ነው ወይስ የወደዱትን ሰው? ፊልም ይህን ግንኙነት ከአድናቆት ውጭ ማሳየት የሚከብደው ለምን ይመስላችኋል?

መልስ (መጋረጃ)

ዋናው ምክንያት ጊዜ ይመስለኛል። መማር ዓመታት የሚወስድና ከውጭ ሲያዩት ምንም የማይታይበት ሥራ ሲሆን፣ ፊልም ግን ያለው ሁለት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ደራሲው የማይታየውን ትቶ በሚታየው፣ ማለትም በመምህሩ ጠባይ፣ ይተካዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የተሠራውን «ስታንድ ኤንድ ዴሊቨር» ከእውነተኛው ታሪክ ጋር ማስተያየት ይህን በግልጽ ያሳያል። ፊልሙ ኃይሜ ኤስካላንቴ የተባለው የሒሳብ መምህር መሠረታዊ ስሌት የሚያዳግታቸውን ተማሪዎች በአጭር ጊዜ ካልኩለስ ለተባለው ከፍተኛ የሒሳብ ትምህርት ፈተና ሲያበቃቸው ያሳየናል። እውነተኛው ኤስካላንቴ ግን ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ትምህርት ቤት ማስተማር የጀመረው በ1974 ሲሆን፣ 18 ተማሪዎቹ ፈተናውን ያለፉት በ1982 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ከታች ካሉ ክፍሎች ጀምሮ ተማሪ የሚያዘጋጅ መሰላል ተዘርግቷል፤ ለዚህም አብረውት የሠሩ መምህራንና የደገፈው ርእሰ መምህር ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ከታሪኩ ሲወጡ የሚቀረው አንድ ጀግና ብቻ ነው። ተመልካች ከዚህ የሚወስደው ግምት፣ መምህሩ በቂ ፍቅር ካለው ሌላው ሁሉ ይሳካል የሚል ስለሚሆን፣ ፊልሙ መምህራንን ያከበረ መስሎ ሸክማቸውን ያከብድባቸዋል።

መልስ (ሦስተኛ ረድፍ)

በመጋረጃ ሐሳብ በከፊል እስማማለሁ፤ ጊዜ ማጠር ግን ሰበብ ብቻ የሚሆንበት ቦታም አለ። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ሎራን ካንቴ እ.ኤ.አ. በ2008 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን የፓልም ዶር ሽልማት ያገኘበት «አንትር ሌ ሙር» ያንኑ ሁለት ሰዓት ይዞ ከሞላ ጎደል ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሳይወጣ ይጨርሳል። መምህሩን የሚጫወተው ፍራንስዋ ቤጎዶ ቀድሞ በእርግጥ ያስተማረ፣ ፊልሙ የተመሠረተበትንም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው፤ ተማሪዎቹም በሙያቸው ተዋንያን አይደሉም። ስለ አንድ የፈረንሳይኛ ግሥ አረባብ ሲከራከሩ፣ «እንዲህ ብሎ የሚናገር ማን አለ?» በሚል መንፈስ ሲሞግቱት፣ ትምህርቱ ራሱ የግጭቱ መነሻ ይሆናል። መምህሩ ቁጣው አሸንፎት ሁለት ልጃገረዶችን የሚሰድብበት ትዕይንትም አለ፤ ከዚያ የተነሣው ውዝግብ ግን በመጨረሻ ከትምህርት ቤት የሚያስባርረው እርሱን ሳይሆን አንድ ተማሪ ነው። በዓመቱ መዝጊያ ደግሞ አንዲት ተማሪ ቀርባ ምንም እንዳልተማረች ትነግረዋለች። እርሱም የሚመልሰው ይቸግረዋል። ይህን የመሰለ ትዕይንት በጀግና መምህራን ፊልሞች ውስጥ አይገኝም።

መልስ (ድራመር)

ጥያቄው በአድናቆት ላይ ስላተኮረ ተቃራኒውን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዴሚየን ሻዜል «ዊፕላሽ» ተማሪውን የሚሰድብ፣ በጥፊ የሚመታና ወንበር የሚወረውር የሙዚቃ መምህር ያቀርባል። መምህር ፍሌቸር ለጭካኔው ማስረጃ የሚያደርገው፣ የጃዝ ከበሮ መቺው ጆ ጆንስ በወጣቱ ሳክስፎን ተጫዋች ቻርሊ ፓርከር ራስ ላይ ሲምባል (ከከበሮው ጋር የሚመታውን የብረት ሳህን) ወርውሮ ታላቅ አደረገው የሚለውን ታሪክ ነው። በጃዝ ታሪክ ዘንድ የሚተረከው ግን ሲምባሉ እግሩ ሥር ወለሉ ላይ መጣሉ እንጂ ወደ ራሱ መወርወሩ አይደለም። ፊልሙ ይህን አያርምም። ከዚያም በአስደናቂ የመድረክ ትርኢት ስለሚያልቅ፣ ብዙ ተመልካች ዘዴው ሠራ ብሎ ይወጣል። እኔ በበኩሌ ያ መጨረሻ ልጁ ሙሉ በሙሉ መሸነፉን የሚያሳይ ይመስለኛል፤ ዳይሬክተሩ ግን ሙዚቃውን ይህን ያህል ባያሳምረው ኖሮ ነገሩ ይበልጥ በጠራ ነበር።

መልስ (ሰሌዳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌላው ያሳሰበኝ፣ መምህር ለአካለ መጠን ካልደረሰ ተማሪ ጋር የሚፈጥረውን ግንኙነት እንደ ፍቅር ታሪክ የሚያቀርቡ ፊልሞች ናቸው። ውጤት የሚሰጠውና የሚቀጣው አዋቂው ሆኖ ሳለ፣ ካሜራው ሁለቱን እኩል አድርጎ ሲያሳይ ተጎጂው ይሰወራል። ድርጊቱን የሚያወግዘው እ.ኤ.አ. የ2006ቱ «ኖትስ ኦን ኤ ስካንዳል» እንኳ የሚተረከው የጥፋተኛዋ መምህርት ባልደረባ በሆነች አንዲት አዛውንት መምህርት አንደበት ስለሆነ፣ የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ምን እንደደረሰበት የምናውቀው ጥቂት ነው።

መልስ (መጋረጃ)

ትክክል ነው። ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ስመለስ፣ የቻይናዊውን ዳይሬክተር የዣንግ ዪሙን «ኖት ዋን ሌስ» (እ.ኤ.አ. 1999) እንዲያዩት እጋብዝዎታለሁ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ተተኪ መምህርት ማስተማር አትችልበትም፤ አንድ ተማሪዋ ወደ ከተማ ሲጠፋ ግን ለአውቶቡስ ስንት ብር እንደሚያስፈልግ፣ ያንን ለማግኘትም ስንት ጡብ መሸከም እንዳለባቸው ከተማሪዎቿ ጋር ሰሌዳው ላይ ያሰላሉ። ሒሳቡ ያስፈለጋቸው ስለሆነ ማንም የሚሰለች የለም። መጨረሻው ላይ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ገብቶ ችግሩን ሁሉ መፍታቱን ግን አልወደድሁትም።