«ለውጥ ይበቅላል እንጂ አይገፋም» የሚለው አነጋገር ማንን ይጠቅማል?

ብዕረኛው፦ ባለፈው ሳምንት በተካፈልኩበት ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ማኅበረሰብ ሕያው ሥርዓት ስለሆነ ለውጥ ይበቅላል እንጂ አይገፋም» ሲሉ ታዳሚው በጭብጨባ ተቀበላቸው። እኔን ግን አነጋገሩ ክፉኛ አሳዝኖኛል፤ መብቱን የተነፈገን ሰው «ጊዜው እስኪደርስ ጠብቅ» ከማለት በምን ይለያል? ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1893 ራሳቸውን ከሚያስተዳድሩ አገሮች ሁሉ ቀድማ ሴቶች እንዲመርጡ ከመፍቀዷ በፊት፣ ይህንኑ መብት የሚጠይቁ የፊርማ ወረቀቶች ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው ከ270 ሜትር በላይ የረዘመ ጥቅል በፓርላማው አዳራሽ መተላለፊያ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ያ ጥቅል ገፋ እንጂ አልበቀለም።

ሥር፦ ምሳሌዎ የሚመሰክረው ለአሠልጣኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 የፈረሙት ከ9 ሺህ በላይ፣ በ1892 ከ19 ሺህ በላይ፣ በ1893 ደግሞ ወደ 32 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ። የፈረመች ሴት ጎረቤቷን ታሳምናለች፣ ጎረቤቷም በተራዋ ሌላዋን፤ ውጤቱ ተመልሶ መነሻውን የሚያጠናክርበት ይህ ዑደት ነው የሕያው ሥርዓት ጠባይ። «ይበቅላል» ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ ገበሬም እኮ ያርሳል፣ ያርማል።

ብዕረኛው፦ «ያርማል» ባሉት ላይ ልቁም። አረሙ ማን ነው? የሚወስነውስ ማን ነው? ኅብረተሰብን እንደ አንድ ገላ የቆጠሩ ሰዎች አንዱን ወገን የታመመ ብልት ብለው ለመቁረጥ ሲነሡ ምን እንደደረሰ የናዚ ጀርመን ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው።

ሥር፦ ከአፌ ያልወጣውን አይጫኑብኝ። ማረም ያልኩት ልማድንና ሕግን እንጂ ሰውን አይደለም።

ማዕበል፦ በአንድ ቃል ስትታገሉ ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም ለውጥ የሚመራ ሰው የማንን ዕውቀት መስማት አለበት የሚለው፣ ተረሳ። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ በትናንሽ ጀልባዎች የሚያጠምዱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮድ የተባለው ዓሣ እየጠፋ መሆኑን ደጋግመው ሲናገሩ፣ የባለሙያዎች ግምት ክምችቱን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳይ ነበር። ግምቱ በከፊል የተመሠረተው ትልልቅ መርከቦች በሚያወጡት ዓሣ ላይ ነበር፤ መርከቦቹ ደግሞ የቀረው ዓሣ የተሰበሰበበትን ቦታ በመሣሪያ እየፈለጉ ስለሚደርሱበት፣ ባሕሩ እየተራቆተ እንኳ መረባቸው ሞልቶ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመድ ሲታገድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ አጡ። ጥበብ ማለት ለእኔ ባዶ መረብ የሚጎትተውን ሰው በጊዜው መስማት ነው።

የመዝገብ ቤት ሰው፦ ማዕበል ልክ ናቸው። በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ አደረጃጀት ሲጠና የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መደብ «ትርፍ» ተብሎ ታጠፈ። እርሷ ግን የባለጉዳዩን ስም ብቻ ሰምታ ፋይሉ በየትኛው መደርደሪያ፣ ከየትኛው ደብዳቤ ጋር እንደታሰረ የምታውቅ ሴት ነበረች። ከሄደች በኋላ በአንድ ቀን ያልቅ የነበረ ጉዳይ ሳምንታት መውሰድ ጀመረ። በመዋቅሩ ሥዕል ላይ አንዲት ሣጥን ነበረች፤ በተግባር ግን የአራት ክፍሎች መገናኛ ነበረች።

ብዕረኛው፦ ስለ ሠራተኛዋ ከልቤ አዝናለሁ፤ ነገር ግን አንድ ሰው ስትሄድ የሚቆም አሠራር ቀድሞውኑ የታመመ ነበር። ነባር ዕውቀትን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ በነባር ዕውቀት ስም ለውጥን ማዘግየት ሌላ ነው። ሴቶች እንዳይመርጡ የተከራከሩትም እኮ የሚጠሩት ነባሩን ልማድ ነበር።

ማዕበል፦ አጥማጆቹ ለውጥ ይዘግይ አላሉም፤ እንዲያውም ይፍጠን ያሉት እነርሱ ነበሩ።

ሥር፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። «ያርማል» ያልኩትን ቃል፣ ብዕረኛው እንደፈሩት ሊተረጎም ስለሚችል፣ አንሥቻለሁ። «ይበቅላል» የሚለውን ግን አላነሣም።

ብዕረኛው፦ እንግዲያው እኔም «ይገፋል» የሚለውን አልተውም።