የ1965 ዶጅ ኮሮኔት ሞዴል፦ የጎማዎቹን ቦታ ማዛወር

ጥያቄ፦ በ1፡25 ልኬት የተሠራውን የ1965 ዶጅ ኮሮኔት የፕላስቲክ ሞዴል፣ አክስሎቹ (ጎማዎቹን የሚይዙት ዘንጎች) ወደ ፊት ወደተገፉበት የድራግ ውድድር (በአጭር ቀጥተኛ መንገድ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) መኪና በመለወጥ ላይ ነኝ። የኋላውን የጎማ ቅስት ቆርጬ ባዛውረውም፣ ቀለም ከቀባሁት ከሳምንት በኋላ የመገጣጠሚያው መስመር እንደ ጠባሳ ብቅ አለ። ስንት ሚሊ ሜትር ማዛወር ይገባኛል? መስመሩንስ እንዴት ላጥፋው?

መልስ 1፦ የዶጅ ባለቤት የነበረው ክራይስለር በእውነተኛዎቹ መኪኖች ላይ የኋላውን አክስል 15 ኢንች፣ የፊቱን ደግሞ 10 ኢንች ወደ ፊት ያመጣው፣ በመነሻው ቅጽበት ብዙው ክብደት በኋላ ጎማዎች ላይ አርፎ መንሸራተቱ እንዲቀንስ ነበር፤ በእርስዎ ልኬት 15.2 እና 10.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጠባሳው ስቱኮው (ክፍተት መሙያ ልስኑ) በደንብ ሳይደርቅ በመቀባቱ የመጣ ይመስለኛል። ክፍተቱን በልኩ በተቆረጠ ፕላስቲክ ሞልተው ከውስጥ ይደግፉት፤ ስቱኮ ለጭረት ያህል ብቻ ይበቃል። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጠው፣ ከመሞረድዎ በፊት ለቀናት ይተዉት።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አካሉን አዛውሮ ሻንሲውን (ከአካሉ ሥር ያለውን የመኪናውን አጽም) መርሳት (እኔም አድርጌዋለሁ) ያሳፍራል። የኋላው አክስል ሲቀርብ፣ ከማርሽ ሳጥኑ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግም በዚያው ልክ ማጠር አለበት።