የዲፓርትመንት ምርጫ ልሞላ ነው፦ ጤና ወይስ ግብርና?

ጠያቂ (ጅማ፣ መርካቶ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፍሬሽማን ነኝ፣ በቅርቡ ምርጫ እንሞላለን። ውጤቴ ጥሩ ነው። አባቴ «ከጤና ውጭ እንዳትሞዪ» ብሎኛል፤ ጓደኞቼ ኮምፒውተር ሳይንስ ይላሉ። እኔ ኬሚስትሪ እወዳለሁ፣ ደም ሳይ ግን ያዞረኛል። አጋሮ አጎቴ ጋ ቡና ሲለቀም ስውል ደግሞ ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ አላውቅም። ግብርና ብሞላ ውጤቴን አባከንኩት ማለት ነው?

ነርሷ፦ እህቴ፣ የደሙ ነገር አያስፈራሽ፣ ብዙዎቻችን ለምደነዋል። ይልቅ የሌሊት ተረኛነቱንና ከአስታማሚ ጋር መዋሉን አስቢበት። እዚህ ጅማ የጤና ተማሪዎች ሳይመረቁ በፊት የሕክምናው፣ የነርሲንጉ፣ የፋርማሲው ልጅ በአንድ ቡድን ሆኖ ጤና ጣቢያ ይመደባል፤ ቲቲፒ ይሉታል። ከዚያ የተመለሱትን ፈልገሽ ውሏቸውን ጠይቂያቸው። ኬሚስትሪ ከወደድሽ ፋርማሲም እኮ ጤና ነው።

የኪቶ ፉርዲሳ (የቴክኖሎጂ ካምፓስ) ልጅ፦ ኮዲንግ ሞክረሽ ካልወደድሽው ጓደኞችሽ ስላሉ ብቻ አትሙዪው።

ግብርና የጨረሰ፦ «አባከንኩት» የሚለውን ከአእምሮሽ አውጪ። የጅማ ግብርና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1999 የተመሠረተው እሱና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው። ግብርና ሲባል ደግሞ ማረስ ብቻ አይምሰልሽ። የድህረ ምርት ትምህርት አለ፣ ላንቺ የሚሆነው እሱ ይመስለኛል። እሸቱ ከተለቀመ በኋላ ያለው ነገር አብዛኛው ኬሚስትሪ ነው። ታጥቦ በሚዘጋጀው ቡና መብላላቱ ከልኩ ካለፈ ጣዕሙ ይኮመጥጣል፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ገደማ ሳይወርድ ከተከማቸ ይሻግታል።

ቡና ቀማሾች ሲሠሩ አይተሽ ታውቂያለሽ? የተፈጨው ላይ ሙቅ ውሃ ያፈሱና ጥቂት ይጠብቃሉ፤ ከላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ገፋ አድርገው አፍንጫቸውን ሲኒው ላይ ደፍተው ያሸታሉ። በረድ ሲል በማንኪያ ጨልፈው በኃይል ይስቡታል፣ አጣጥመው ይተፉታል። ከአንድ ናሙና በተቀዱ ሲኒዎች መካከል አንዱ ብቻ የሻጋታ ጠረን ካለው ይለዩታል። ይህን አይተሽ «እኔም ልሞክር» ካልሽ መልስሽን አገኘሽ። መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ቅርብሽ ነው። ቀላል ነው ግን አልልሽም፤ ገጠር ትወጫለሽ፣ በጭቃ ትሄጃለሽ።

አንድ ወላጅ፦ ልጄ፣ አባትሽ ክፉ አላሰበም፤ ሥራ እንዳታጪ ሰግቶ ነው። በቃል ከምትከራከሪው አጎትሽ ያስረዳው። በቡና የሚተዳደር ወንድም ሲናገር አባት ይሰማል።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ፋርማሲና ድህረ ምርት ላይ ደርሻለሁ። የትኛውን ላስቀድም?

ግብርና የጨረሰ፦ የምር የምትፈልጊውን አንደኛ አድርጊ። ምደባው በምርጫ ቅደም ተከተልና በውጤት ስለሆነ ፎርሙ ላይ ባዶ ቦታ ለመሙላት ብለሽ የማትፈልጊውን ከላይ እንዳታስገቢ፣ ሊደርስሽ ይችላል። መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተናም አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ባልወደዱት ትምህርት ለዚያ መዘጋጀት ይከብዳል። ፎርሙን ከመመለስሽ በፊት የሁለቱንም ዲፓርትመንት የኮርስ ዝርዝር ከሬጅስትራር ጠይቀሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።