ትናንት የገዛሁት ፍሪጅ ሻሸመኔ ረክሶ ተገኘ፤ መመለስ እችላለሁ? (ሐዋሳ)

የታቦሯ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ትናንት ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ገዛሁ። 62,000 ብር፣ ቫትን ጨምሮ። የማሽን ደረሰኝ ሰጥተውኛል። ብሩን በባንክ ነው ያስተላለፍኩት።

ማታ የባለቤቴ ወንድም ከሻሸመኔ ደወለ። "እሱ ፍሪጅ እኮ እዚህ 55,500 ነው፣ ምን አስቸኮላችሁ?" አይለኝም መሰላችሁ! የ6,500 ብር ልዩነት። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ፍሪጁ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ሳሎን መሐል ተገትሯል፣ ፕላስተሩም አልተነካም። ጠዋት ሱቁ ጋ ስደውል ያነሳው ልጅ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል" ብሎ ዘጋብኝ። እውነት ነው፣ ከሒሳብ ተቀባይዋ ጀርባ በቀይ ተጽፎ አይቼዋለሁ። እና መብት የለኝም ማለት ነው? ንግድ ቢሮ ልሂድ ወይስ ልተወው?

ቸኩሉ፦

ምን ያጨቃጭቅሻል? መኪና ላይ ጫኚውና ሂጂ። "አልሠራ አለ" በያቸው። መጀመሪያ እንቀይርልሽ ይላሉ፣ እምቢ ስትዪ ብሩን ይመልሳሉ። አለቀ።

ጠጋኙ፦

እህቴ፣ ይሄን ምክር እንዳትሰሚ። ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ መጠገን እንጀራዬ ነው። "አልሠራ አለ" ስትያቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ካርቶኑን ቀደው፣ ሰክተው ማየት ነው። ይሠራል። ከዚያ ካርቶኑ የተቀደደ ፍሪጅ ይዘሽ ወደ ቤት። ያልተከፈተ ካርቶን አሁን በእጅሽ ያለ ትልቁ ነገር ነው። በውሸት አታቃጥይው።

የሕግ ሰው፦

ሁለት ነገር ተደባልቆብሻልና ልለያየው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዢ የሚሰጠው መብት አለ። የገዛሽው ዕቃ ጉድለት ካለበት በገዛሽ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ትችያለሽ። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ቀይ ጽሑፍ ይህን መብት አይሰርዘውም። ስለዚህ ነገ ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ቢል "ተጽፏል" የሚለው መልስ አይሠራም።

ያንቺ ጉዳይ ግን ጉድለት አይደለም። ዕቃው ደህና ነው፣ የከበደሽ ዋጋው ነው። በዚህ በኩል ሕጉ አያግዝሽም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1710ን ብታነቢው፣ ውሉ ለአንደኛው ወገን በጣም ስላደላ ብቻ አይፈርስም ነው የሚለው። የሚፈርሰው ሻጩ የገዢውን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ ካደረገና ፍትሕ ካስገደደ ነው። አንቺ ዋጋ ጠይቀሽ፣ አይተሽ፣ ከፍለሽ ወጥተሻል። ሻሸመኔ ያለው ነጋዴ በርካሽ መሸጡ የሐዋሳውን ጥፋተኛ አያደርገውም።

ንግድ ቢሮ መሄድ ትችያለሽ፣ ግን ምን ብለሽ? ዋጋ ሳይለጥፍ ሸጦ ከሆነ፣ ደረሰኝ ከልክሎሽ ከሆነ፣ የተበላሸ ሰጥቶሽ አልቀይርም ካለ፣ ያን ጊዜ ይሰሙሻል። "ሌላ ቦታ ረክሷል" ግን አቤቱታ አይሆንም። መንግሥት ዋጋ የሚተምነው እንደ ነዳጅ ላለው ነው እንጂ ለፍሪጅ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሲሸጥልሽ "ከዚህ ያነሰ ካገኘሽ ልዩነቱን እመልሳለሁ" ያለሽ ነገር አለ? በወረቀት ወይም በመልእክት ካለሽ ነገሩ ሌላ ነው።

የታቦሯ፦

ኧረ የለም። "ከዚህ በታች ሐዋሳን ብትዞሪ አታገኚም" ነው ያለኝ።

የሕግ ሰው፦

እሱማ የገበያ ወሬ ነው። ደግሞም ሐዋሳን ነው ያለሽ፣ ሻሸመኔን አላለም 😄

ነጋዴው፦

እኔ ራሴ አሮጌ ገበያ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ እሸጣለሁ። ከወዲያኛው ወገን ያለውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሻሸመኔ ደውይና አንድ ነገር ጠይቂ፦ 55,500 በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ? ሒሳቡን ልሥራልሽ። 62,000 ውስጥ 15 በመቶ ቫት አለ። 62,000ን ለ1.15 ስታካፍዪው 53,913 ብር ይመጣል። የተረፈው 8,087 ብር የመንግሥት ነው፣ ነጋዴው ኪስ አይገባም። እንግዲህ ሻሸመኔ ያለው 55,500 ያለ ደረሰኝ ከሆነ፣ ያኛው ነጋዴ ካንቺ ነጋዴ የበለጠ ነው የሚያተርፈው። ርካሽ የመሰለሽ ታክሱ ስለተዘለለ ነው።

ሌላው ዕቃው የገባበት ጊዜ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዕቃ ዋጋ ከጭነት ጭነት ይለያያል። ቀድሞ ያስገባ በዱሮው ይሸጣል። ዘግይቶ ያመጣ ደግሞ ያን ዋጋ ቢፈልግም አይችልም። ሁሉም ሌባ ሆኖ አይደለም።

አሁን ስለ መመለሱ። የማሽን ደረሰኝ አንዴ ከወጣ ሽያጩ ተመዝግቧል። ማታ ማሽኑ የቀኑን ሒሳብ ዘግቷል። ከዚያ በኋላ ተመላሽ ማድረግ ይቻላል፣ ግን የወረቀት ሥራ አለው። ዋናው ደረሰኝ ተመልሶ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ካልተያያዘ ነጋዴው ላልሸጠው ዕቃ ታክስ ሊከፍል ነው። ደረሰኙን ካልያዝሽ ባትሄጂ ይሻላል። ብዙዎቻችን "አይመለስም" ብለን የምንጽፈውም ይሄን ሽሽት ነው። ጥሩ ነው አላልኩም፣ ምክንያቱን ነው የምነግርሽ።

በስልክ ያናገረሽን ልጅም እርሺው። ተቀጣሪ ነው፣ እሺ ቢል ከደሞዙ ነው የሚቆረጠው። ባለቤቱ ሱቅ የሚውልበትን ሰዓት ጠይቂና ራሱን አግኚው። ደግሞ በጠዋት አትሂጂ። ገና አንድ ዕቃ ሳይሸጥ ተመላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ነጋዴን ያስከፋል። ወግ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ። ከምሳ በኋላ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል ሂጂ።

ጥሬ ብር ግን አትጠብቂ። ብር ከካዝና ማውጣት ሞት ነው ለኛ። ዕቃ መቀየር፣ ሌላ ዕቃ በመጣበት መስጠት፣ ይሄ ይቀለናል።

የሻሼ ልጅ፦

ነጋዴው ያለው ልክ ነው። እኛ ጋ ገበያው ሰፊ ነው፣ ዕቃውም ብዙ ነው፣ ግን የምትሰሙት ዋጋ ብዙ ጊዜ ያለ ደረሰኝ ያለው ዋጋ ነው። "በደረሰኝ ስንት?" ስትሉ ፊቱ ይቀየራል። ከሻሸመኔ ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ፍሪጅ በታክሲ አይመጣም። የጫኝና አውራጅን ጨምሩበት።

ጠጋኙ፦

ሞዴሉንም አመሳክሪ። "ያው ፍሪጅ" የሚባል ነገር የለም። ካርቶኑ ጎን ላይ የሞዴል ቁጥር አለ፣ መጨረሻው ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ሳትቀር ፎቶ አንሺና ለወንድምየው ላኪለት። እሱም የዚያኛውን ይላክልሽ።

ከዚያ ሊትሩን እዩ። አንዳንዱ ጠቅላላውን ነው የሚጽፈው፣ አንዳንዱ ዕቃ የሚይዘውን ብቻ። ሁለቱ ቁጥሮች ይራራቃሉ። የአየር ንብረት ደረጃ የሚልም አለ፦ "ኤን" ከተባለ እስከ 32 ዲግሪ ሙቀት፣ "ኤስቲ" እስከ 38፣ "ቲ" እስከ 43 ድረስ እንዲሠራ የተሠራ ነው። የሐዋሳ ወጥ ቤት በመጋቢት፣ ምጣድ ተጥዶ፣ መስኮት ተዘግቶ ስንት እንደሚደርስ አንቺ ታውቂዋለሽ። "ቲ" ያለውን በ"ኤን" ቀይረሽ 6,000 ብር አተረፍኩ ብትዪ ሞተሩ በኋላ ያስከፍልሻል።

የልጆች እናት፦

የኔ ልጅ፣ ሕጉንም ሒሳቡንም ነግረውሻል፣ እኔ ስለ አነጋገሩ ልበልሽ። ስትገቢ "ዘረፋችሁኝ" ብለሽ አትግቢ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ገዢ ካለ ነጋዴ እልህ ይይዘዋል፣ ቢፈልግም አይመልስልሽም። ሰላምታ አስቀድሚ። "ገንዘቡ ከብዶኛል፣ እንደ ደንበኛ እዩኝ" በይ። እኔ አንዴ ድስት ገዝቼ ሌላ ቦታ ረክሶ ሳገኘው እንዲህ ብዬ ሄጄ ብሩን ባይመልሱም ሁለት ትሪ ጨምረውልኛል። እስከ ዛሬ ደንበኛቸው ነኝ። ባለቤትሽም አብሮሽ ይሂድ፣ ግን ዝም ይበል 😅

የታቦሯ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ደወልን። 55,500 ያለ ደረሰኝ ነው! "በደረሰኝ ከሆነ 60,000" አለ። ማድረሻ በአይሱዙ 1,500። ሞዴሉ ያው ነው፣ ፊደሉም አንድ ነው። ግን የዋስትና ወረቀት የለውም፣ "ከተበላሸ አምጡት እናያለን" ነው የሚለው። የኔው የአንድ ዓመት ዋስትና አለው።

ነጋዴው፦

61,500 ሆነ ማለት ነው። በ500 ብር ልዩነት ዋስትና ትሸጫለሽ?

ቸኩሉ፦

ደረሰኝ ምን ያደርግላታል? ለመሥሪያ ቤት አይደለም የገዛችው። ያለ ደረሰኝ ትውሰድ፣ ማድረሻው ተቀንሶም 5,000 ብር ይተርፋታል። 5,000 ብር እኮ ነው ወገን።

የሕግ ሰው፦

ቸኩሉ፣ ያ 15 ቀን ከየት ይቆጠራል? ከገዛችበት ቀን። የገዛችበትን ቀን በምን ታስረዳለች? ዕቃውን ከሱ መግዛቷንስ? ነጋዴው "አላውቃትም" ቢል ምን ይዛ ትሟገታለች? በባንክ ያስተላለፈችው ብር የሆነ ነገር ያሳያል፣ ግን በጥሬ ብር ከከፈለች እሱም የለም። ለኪሎ ቲማቲም አልጨነቅም፣ ለ55,000 ብር ዕቃ ግን ወረቀት ያስፈልጋል። ደረሰኝ መስጠት ደግሞ የነጋዴው ግዴታ ነው እንጂ ዋጋ መጨመሪያ አይደለም።

ቸኩሉ፦

እሺ ጌታዬ 🙌

የታቦሯ፦

ሄድኩ። ከምሳ በኋላ፣ ደረሰኙን ይዤ፣ ባለቤቴም ዝም ብሎ። የሱቁን ባለቤት አገኘሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወንበር ሰጡን። "ሻሸመኔ በደረሰኝ 60,000 ነው" አልኳቸው፣ ያለ ደረሰኙን ዋጋ አላነሳሁም። ሳቅ ብለው "ልጄ፣ ብር ብመልስልሽ እኔ ነኝ የምጎዳው፣ ግን ባዶ እጅሽን አትሄጂም" አሉ። የጠየቅኩት ስታብላይዘር ነበር። 4,800 ብር የሚሉትን በ3,500 ሰጡኝ፣ ለሱም ደረሰኝ ተቆረጠ።

ሌላ ነገር ደግሞ ተገኘ። የዋስትና ወረቀቱን አውጥተው ሲያዩት ማኅተም አልተመታበትም፣ የተሸጠበት ቀንም ባዶ ነበር። እዚያው ሞልተው መቱልኝ። ያን ልጅ ተቆጡት፣ አሳዘነኝ።

የልጆች እናት፦

ተባረኪ! ማኅተሙ ከ1,300 ብሩ ይበልጣል።

ነጋዴው፦

አዎ፣ ማኅተም የሌለው ዋስትና ወረቀት ብቻ ነው። የኛ ሰው ፍሪጁን ሲጭን ያንን ማየት ይረሳል። ሁለቱንም ደረሰኞች ደግሞ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺያቸው፣ የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል።

የታቦሯ፦

አነሳሁ። ጠጋኙ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ትናንት በጭነት ባጃጅ አጋድመው ነው ያመጡት። መቼ ልሰካው? ስታብላይዘሩን ደግሞ ለብቻው ስሰካው መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ኃይል ግን አያስተላልፍም። ተበላሽቶ ይሆን?

ጠጋኙ፦

አልተበላሸም። መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ያዘገያል፣ ሞተሩ ወዲያው እንዳይነሳ ብሎ ነው። ጠብቂው፣ ይለቃል።

ተጋድሞ የመጣ ፍሪጅ ቀጥ ብሎ ሳይቆም አይሰካም፣ የሞተሩ ዘይት ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ለጥንቃቄ 24 ሰዓት በይ። ያንቺው ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ቆሟል፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ መሰካት ትችያለሽ። ከግድግዳው አንድ ጣት ሁለት ጣት ሳይሆን አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጊው። ባዶውን ይቀዝቅዝ፣ ዕቃ ነገ ጠዋት ክተቺ። በ15 ቀኑ ውስጥ የማይቀዘቅዝ ክፍል ወይም የሚያንቋቋ ድምፅ ካየሽ ሌላ ጠጋኝ ሳትጠሪ፣ እኔንም ጨምሮ፣ መጀመሪያ ሱቁ ጋ ደውይ። የውጭ ሰው ከፈታው ዋስትናው ሊቀርብሽ ይችላል።